ሚዛኑም መጋዘኑም የአንድ ሰው ሲሆን

ዛሬ ከዋጋ ወጣ ብለን አንድ ነገር እናንሳ።

«አውሮፓ ጎግልንና አፕልን በሕግ አስራ ራሷን ከውድድር አስወጣች» የሚል ወሬ በዝቷል። እኔ ግማሹን ነው የምቀበለው።

ችግሩ መኖሩ እውነት ነው። ማሪዮ ድራጊ በ2024 (እ.ኤ.አ.) ለአውሮፓ ኅብረት ባቀረቡት ሪፖርት፣ ከዓለም 50 ትልልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የአውሮፓ 4 ብቻ ናቸው ብለዋል። ከሕጉ ብዛት ሌላ የተበጣጠሰ ገበያና የካፒታል እጥረትንም በምክንያትነት አንስተዋል።

ግን ሕግ ሁሉ አንድ አይደለም። የዲጂታል ገበያዎች ሕግ የሚይዘው ጥቂት ግዙፎችን ነው። ሚዛኑም መጋዘኑም የሚሸጠውም ቡና የአንድ ሰው ቢሆን፣ ለእናንተ ቡና ምን ደረጃ ይሰጣል? ጎግል በራሱ መፈለጊያ የራሱን አገልግሎት ከላይ ሲያስቀምጥም ነገሩ ያው ነው። የኛ ምርት ገበያ ሲቋቋም ባለቤትነትና አባልነት እንዲለያዩ የተደረገው እኮ ለዚህ ነው። በ2025 በዚህ ሕግ አፕል 500 ሚሊዮን፣ ሜታ 200 ሚሊዮን ዩሮ ተቀጥተዋል። ይሄ ለትንሹ በር ይከፍታል እንጂ አይዘጋም።

የግል መረጃ ጥበቃ ሕጉ ግን ከ2018 ጀምሮ ትልቁንም ትንሹንም ይይዛል። ጎግል ጠበቃ ሞልቶታል። አምስት ሠራተኛ ያለውን ጀማሪ ግን ወረቀቱ ይበላዋል። ውድድርን የሚጎዳው እንዲህ ያለው ነው።

ታዲያ እኛን ምን አገባን? የደን ጭፍጨፋ ሕጉን ያወጣውም ያው ኅብረት ነው። ሁለት ጊዜ ተራዝሞ ለትልልቆቹ እስከ 2026 መጨረሻ ደርሷል። ግዴታው በወረቀት ላይ ያለው አስመጪው ላይ ነው፤ ማሳ ለማሳ ዞሮ ጂፒኤስ የመያዙ ሥራ ግን ወደ ዩኒየንና ወደ ገበሬ ይወርዳል። ግማሽ ሄክታር ያለው ገበሬ ይሄን ከየት አምጥቶ ይከፍላል?

ስለዚህ «ሕጉ ይቅር» ከማለት «ሸክሙ እንደ ትከሻው ይሁን» ብንል ይሻላል። ላኪዎችና ዩኒየኖች፣ ኮንትራት ስትፈርሙ ሁለት ነገር አጽፉ፦ የማሳ ልየታውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን፣ መረጃውም የማን እንደሚሆን። ገዢው ከፍሎ መረጃውን ለብቻው ከያዘ፣ ያ ገበሬ ነገ ለሌላ ልሽጥ ቢል ማስረጃው በእጁ የለም። ያኔ ሚዛኑንም መጋዘኑንም በገዛ ፊርማችን አስረከብን ማለት ነው።