አንቀጽ 576ን ማን ያውቀዋል?

በ1989 ዓ.ም. አርሲ ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ለማምለጥ ስትታገል ጠላፊዋን በጥይት ገደለችው። በመዓዛ አሸናፊ ይመራ የነበረው የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ ሆኖ ቆመላት፤ ፍርድ ቤትም «ራሷን ተከላክላለች» ብሎ በነፃ አሰናበታት። ከቀዬዋ መራቅ ግን ግድ ሆነባት። በታሪኳ ላይ የተመሠረተው «ድፍረት» ፊልም በ2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሲል ያለፈቃዷ መሠራቱን ተቃውማ በፍርድ ቤት አሳገደችው። ስሟ እዚህ የማይጠራውም ለዚሁ ነው።

ያኔ ይሠራበት የነበረው የ1949 የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ልጅቷን ካገባት ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር። ሽማግሌ ተልኮ፣ ካሳ ተቆርጦ፣ «የሆነው ሆኗል» ተብሎ ነገሩ በእርቅ ሲያልቅ ሕጉም አብሮ ይታረቅ ነበር ማለት ነው። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ይህን በር ዘጋው። አንቀጽ 587 ከሦስት እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት ደነገገ፤ ኋላ የሚፈጸም ጋብቻም ጠላፊውን ከተጠያቂነት አያድነውም አለ። ጠለፋ በአዋጅ አልጠፋም። ቢሆንም እምቢ ለሚል አባት ሽማግሌ ፊት የሚቆምበት መሬት ተገኘለት።

በዚያው ሕግ ውስጥ አንቀጽ 576 አለ፤ ፊልም የሠራለት የለም። አሳዳጊ ልጅን ቢያንገላታ፣ ችላ ቢል፣ ከአቅሙ በላይ ቢያሠራ ወይም ቢደበድብ ከሦስት ወር በማይበልጥ ቀላል እስራት ይቀጣል ይላል። ጉዳቱ ከባድ ከሆነ እስራቱ ከአንድ ዓመት አያንስም። ለመልካም አስተዳደግ ሲባል የሚወሰድ፣ ሕግን የማይቃረን የቅጣት እርምጃ ግን አይነካም። አለንጋ እዚህ ውስጥ ይገባል? በርበሬ ማጠንስ? አንቀጹ አይዘረዝርም፤ ወሰኑን የሚያበጀው እንግዲህ አለንጋውን የያዘው ሰው ነው።

እዚያው አርሲ ውስጥ ያለችው የሁሩታ ከተማና አካባቢዋ የስንዴና የገብስ አገር ናቸው። አዝመራ ሲደርስ ወይም እረኛ ሲጠፋ መጀመሪያ ከክፍል የሚጎድለው ልጅ ነው፤ ከዘመድ ተጠግቶ የሚማር ከሆነ ደግሞ ይብስበታል። መምህሩ ስም ይጠራል፣ መልስ ያጣል፣ «ቀሪ» ብሎ ምልክት ያደርግና ወደ ቀጣዩ ስም ያልፋል። ክንዱ አብጦ ጤና ጣቢያ የመጣ ልጅም «ከዛፍ ወድቆ ነው» ከተባለለት በፋሻ ታስሮለት ወደዚያው ቤት ይመለሳል።

መምህሩም ነርሱም ዝም በማለታቸው የወንጀል ሕጉን ጣሱ ለማለት ይከብዳል። ወንጀልን አለማሳወቅን የሚቀጣው አንቀጽ 443 በዋናነት የሚመለከተው ሞት ወይም የዕድሜ ልክ እስራት የሚያስቀጡ ወንጀሎችን ነው። የአንቀጽ 576 ተበዳይ ራሱ ከሳሽ ካልሆነ አንቀጹ የማሳወቅ ግዴታ የጣለበት ሌላ ሰው የለም፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ደግሞ የሚያበላውን ሰው አይከስም። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣችው የሕጻናት ሕግ መምህርን፣ ሐኪምንና ነርስን በሙያቸው ጠርታ እንዲያሳውቁ ታስገድዳለች።

እኛ ዘንድ ሕግን ለሕዝብ ለማሳወቅ ግንዛቤ ማስጨበጫ ሲባል አዳራሽ፣ ባነርና የውሎ አበል ነው የሚታሰበው። እንደ ደቡብ አፍሪካ የማሳወቅ ግዴታ ቢደነገግ ግን መምህሩ ሕጉን የሚያውቀው ሥራው ስለሆነ ነው፤ ወላጁም መምህሩ ዝም እንደማይል ስለሚያውቅ። ሁሉም በሚተዋወቅባት ከተማ ግን የጠቋሚው ስም ካልተደበቀ ድንጋጌው ወረቀት ላይ ይቀራል። ስለዚህ ጥቆማው በማን እጅ እንደሚገባ፣ የወረዳው የሴቶችና ሕጻናት ጽሕፈት ቤት በስንት ቀን ቤቱ ድረስ እንደሚሄድና ልጁ ያን ሌሊት የት እንደሚያድር ሕጉ ራሱ መጻፍ አለበት።