በገበያ አዋቂ፣ በሰሌዳ ፊት «ደደብ» ያደረገው ማን ነው?

በቡና አገር በካፋ ሒሳብ የማያውቅ ልጅ ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም። እናቱ ማርና ኮረሪማ ይዛ ቦንጋ ገበያ ስትወጣ አብሯት የሚወጣው የ10 ዓመት ልጅ ዋጋ ይጠራል፣ ይከራከራል፣ መልስ ይቆጥራል። እንበልና አንዱ ጣሳ 45 ብር ከሚሸጥ ዕቃ ሦስት ጣሳ የሚገዛ ደንበኛ ቢመጣ፣ «ሁለቱ 90፣ አንዱ 45፤ 135 ብር» ለማለት ጣቱን እንኳ አያጥፍም። ሰኞ ጠዋት ይኸው ልጅ አራተኛ ክፍል ሰሌዳ ፊት ይቆምና 45 ሲባዛ በ3 ይባላል። «ሦስት አምስት 15፤ 5 ጽፈን 1 በእጅ፤ 1 እና 4 አምስት፤ ሦስት አምስት 15» ይልና 155 ብሎ ይጽፋል። ክፍሉ ያውካካል። መምህሩ «ሂድ ቁጭ በል!» ይለዋል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሒሳብ ለሱ የሌላ ሰው ዕቃ ነው።

ምሳሌው የእኛ ነው፤ ነገሩ ግን የፈጠራ ወሬ አይደለም። በ1985 እ.ኤ.አ. በብራዚል፣ ሬሲፌ በምትባል ከተማ ተመራማሪዎች ጎዳና ላይ የሚነግዱ አምስት ልጆችን ጠየቁ። ልጆቹ እየሸጡ ከተጠየቁት ሒሳብ 98 በመቶውን በትክክል መለሱ። ያንኑ ዓይነት ቁጥር በወረቀት ላይ በመደመርና በማባዛት ምልክት ሲቀርብላቸው ግን ያገኙት 37 በመቶ ገደማውን ብቻ ነበር። በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኔቸር የተባለው መጽሔት በዴሊና በኮልካታ ገበያዎች በሚሠሩ ልጆች ላይ የተደረገ ሰፊ ጥናት አወጣ፤ ውጤቱ ያው ነው። በዚያ ላይ የሚገርመው የተገላቢጦሹ ነው፤ ትምህርት ቤት ብቻ የሚውሉት ልጆች የገበያውን ሒሳብ መሥራት አቃታቸው! እንግዲህ ደደቡ ማን እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ። ልጁ ጭንቅላት አላነሰውም፤ የጎደለው ከጣሳው ወደ ሰሌዳው የሚያሻግረው ድልድይ ነው።

ድልድዩን የሚሠራ ግን የለም። ምክንያቱም በአገራችን ትምህርት ቤት መምህሩ የሚጠየቀው «ልጁ ምን ቻለ?» ተብሎ ሳይሆን «ገጽ ስንት ደረስክ?» ተብሎ ነው። ሱፐርቫይዘሩ ሲመጣ የሚያየው የዓመቱን ዕቅድና የደብተሩን ማኅተም ነው። ስለዚህ መምህሩ ይሮጣል፤ መጽሐፉን ይጨርሳል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያለው ተማሪ ሳይወድቅ እንዲያልፍ አደረገ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ልጅን በሰባት ዓመቱ «ወድቀሃል» ብሎ ማባረር ነውር ነው። ነገር ግን ፖሊሲው በነፃ ማለፍን የሰጠው ከተከታታይ ምዘናና ከማገዝ ጋር ነበር። ማለፉ ደረሰ፣ ማገዙ መንገድ ላይ ቀረ። ውጤቱም አራተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ዓለም መቀመጡ ነው። አንዱ ማካፈል ይችላል፤ ሁለተኛው ብድር ያለበት መቀነስ ላይ ቆሟል፤ ሦስተኛው ከ20 በላይ ቁጥር ማንበብ ይቸገራል። መምህሩ ለሦስቱም ክፍልፋይ ያስተምራል።

በ1992 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው አገር አቀፍ የትምህርት ምዘና በአራተኛ ክፍል ሒሳብ የመዘገበው አማካይ ውጤት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዙሮች ከ40 በመቶ ብዙም ፈቅ አላለም። የዓለም ባንክም በበኩሉ ከአሥር ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ዘጠኙ በ10 ዓመታቸው ቀላል ጽሑፍ አንብበው እንደማይረዱ ተናግሯል። ጥያቄውን ማንበብ ያልቻለ ልጅ እንዴት አድርጎ ይሥራው?

መንግሥት ግን ጉዱን ያየው 12ኛ ክፍል በር ላይ ነው። ኩረጃን አስቀርተን ፈተንን ብለው ሲያበቁ በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ሆኑ። አገር ጮኸ። ሚኒስትሩም መግለጫ ሰጡ። ፈተናው መጥራቱን እኛም አንቃወምም፤ ይሁንና 12ኛ ክፍል ላይ መመርመር አስከሬን እንደመመርመር ነው። በሽታው የገባው ሦስተኛ ክፍል፣ «አንድ በእጅ» ሲባል ነበር። ያኔ አንድ ወር ቢታገዝ የሚድን ልጅ ነበር።

አሁን ወደ ካፋ እንመለስ፤ እዚያ ነገሩ የራሱ ቀለም አለውና። አንደኛ ነገር ቡና አለ። የለቀማ ወራት ሲመጣ የገጠሩ ልጅ ቅርጫት አንጠልጥሎ ጫካ ይገባል። ወላጁን መውቀስ አይገባም፤ የዓመቱ ደብተርና ጫማ የሚገዛው ከዚያው ነው። ታዲያ ሒሳብ እንደ ታሪክ ትምህርት አይደለም። ታሪክ ላይ አንድ ምዕራፍ ቢያመልጥህ የሚቀጥለውን ታነባለህ። ሒሳብ ግን ግንብ ነው፤ የታችኛው ድንጋይ ከጎደለ የላይኛው አይቆምም። ከለቀማ የተመለሰው ልጅ ክፍሉን ሲያገኘው ሁለት ምዕራፍ ጥሎት ሄዷል። የሚጠብቀው የለም። የትምህርት ካሌንደሩ ቡና መቼ እንደሚቀላ አያውቅም።

ሁለተኛው ሸክም ቋንቋ ነው። የገጠሩ ልጅ ቤቱ ኢኮ፣ ጉቶ፣ ኬሞ እያለ በካፊኖኖ ይቆጥራል። ከመሀል አገር ከመጣ ነጋዴ ጋር በአማርኛ ይደራደራል። በቀድሞው የደቡብ ክልል ሥርዓት ደግሞ አምስተኛ ክፍል ሲደርስ ሒሳቡ ወደ እንግሊዝኛ ይዞርበት ነበር። የቦንጋ ከተማው ልጅ በበኩሉ አማርኛ አፉን የፈታበት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ግን አንድ ክፍል ናቸው። ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። በአማርኛ «አሥራ አንድ» ስንል አሥርና አንድ መሆኑን ስሙ ራሱ ይናገራል፤ «ኢለቨን» ግን ለሕፃን ምንም አይነግረውም። ገና አሥር ቤትና አንድ ቤትን ባልለየ ልጅ ላይ ቋንቋ መቀየር፣ ዋና በሚማር ሰው ላይ ወንዙን እንደመቀየር ነው። ደግሞ ካፊኖኖ ለትምህርት አዲስ ነው የሚል ካለ ይታረም፦ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተጠቀመባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ የካፋ-ሞጫ ነበር። ደርግን በብዙ ነገር እንከሰዋለን፤ በዚህ ግን አንከሰውም።

ሦስተኛውን መናገር ያሳፍራል፤ ቢሆንም እንናገረዋለን። በካፋ ማንጃ እየተባለ ለዘመናት ሲገለል የኖረ ማኅበረሰብ አለ። ጫካ ዳር እየኖረ ማገዶና ከሰል የሚሸጥ፣ በማዕድ የተለየ ወገን ነው። የዚህ ወገን ልጅ ክፍል ሲገባ ከቁጥር በፊት የሚማረው የት እንደሚቀመጥ ከሆነ፣ የኋላ ወንበር ላይ ሆኖ እጁን አውጥቶ «አልገባኝም» ይላል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። ሰሌዳው የማይታየው፣ ድምፅ በደንብ የማይሰማው ልጅም እንደዚያው ነው። የትምህርት ሚኒስቴር የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ስትራቴጂ በ2012 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ስትራቴጂው መልካም ወረቀት ነው። ልጁን ከኋላ ወንበር አንስቶ ፊት ለፊት የሚያስቀምጠው ግን መምህሩ እንጂ ወረቀቱ አይደለም።

«ታዲያ አንድ መምህር 60 እና 70 ልጅ ይዞ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ያስተምር ነው የምትሉት?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ አይችልም። የክፍል ደረጃው 50 ተማሪ ነው ቢባልም ብዙ ቦታ ከዚያ ያልፋል። መምህሩም የሚበላው ያጣ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወላይታ መምህራን ደመወዛችን በወቅቱ አልተከፈለንም ብለው ሲጮኹ ሰምተናል። ለዚህ ሰው ሌላ የሥራ ዝርዝር መጨመር ግፍ ነው። ደግነቱ የሚጨመር የለም፤ የሚያስፈልገው ክፍሉን መቀያየር ነው።

ሕንዶቹ ያደረጉትን እንይ። ፕራታም የሚባል በሙምባይ በ1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ድርጅት ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ ክፍል ያሉትን ልጆች አንድ በአንድ በቃል ይጠይቃል። ለአንድ ልጅ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ ባለ አንድ አሐዝ ቁጥር ያውቃል? ባለ ሁለት? መቀነስ ይችላል? ማካፈልስ? ከዚያ በቀን አንድ ሁለት ሰዓት የክፍል ቁጥር ይረሳል። መቀነስ ላይ የቆሙት የሦስተኛውም የአምስተኛውም ልጆች ለአንድ መምህር ይሰጣሉ፤ ማካፈል ላይ የደረሱት ለሌላው። መምህሩ ያው ነው፣ ደመወዙ ያው ነው፣ የሚያስተምረው ግን ለሦስት ዓለም ሳይሆን ለአንድ ነው። ልጁ ሲችል በሳምንታት ውስጥ ወደሚቀጥለው ቡድን ይሻገራል። ይህን ዘዴ እየመረመሩ ያስመሰከሩት ባነርጂና ዱፍሎ ከክሬመር ጋር በ2019 እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚክስ ኖቤል ወስደዋል። ጎረቤታችን ኬንያም አለች። በምዕራብ ኬንያ 121 ትምህርት ቤቶች ተጨማሪ መምህር ተሰጥቷቸው አንደኛ ክፍልን ለሁለት ሲከፍሉ፣ ግማሾቹ ልጆቹን በችሎታ ደረጃ ለዩ፣ ግማሾቹ በዕጣ። በደረጃ በተለዩት ዘንድ ጎበዞቹም ደካማ የተባሉትም ከዕጣዎቹ በልጠው ተገኙ።

ከኛው አገርም ማስረጃ አለ። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቀድሞው ደቡብ ክልል «ስፒድ ስኩል» የተባሉ ክፍሎች ተከፍተው፣ ከትምህርት የቀሩ ልጆች የሦስት ዓመቱን ትምህርት በ10 ወር እንዲጨርሱ ተደርጓል። ክፍሉ ከ30 ልጅ አይበልጥም፤ በቡድን፣ በጨዋታ፣ በጠጠርና በእንጨት ይቆጠራል። ከዚያ ወጥተው መደበኛ ትምህርት ቤት የገቡትን ልጆች የሴሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ለዓመታት ተከታትለዋቸዋል። በ10 ወር የሚቻለውን ነገር ሌላው በሦስት ዓመት ያጣው ለምንድን ነው?

ቡድን ሲባል አንባቢ «አንድ ለአምስት» እንዳይመጣበት እንሰጋለን። እውነትም በኢሕአዴግ ዘመን፣ በ2004 ዓ.ም. ገደማ፣ ተማሪው ሁሉ «የልማት ሠራዊት» ተብሎ አንድ ለአምስት ተጠርንፎ ነበር። እሱ ሌላ ነገር ነው። እዚያ አንድ ጎበዝ በአምስት ላይ ይሾማል፣ የቤት ሥራውን ይሠራል፣ አምስቱ ይገለብጣሉ፣ ሪፖርቱ «መቶ በመቶ» ይላል። (ካድሬ ሆይ አትቆጣ፣ አንተም ገልብጠሃል!) እኛ የምንለው ቡድን አለቃ የለውም፣ ሪፖርትም የለውም፤ በየወሩ ይፈርሳል፣ በየወሩ ይሠራል። ይህ መፍረሱ ካልተጠበቀ ግን «የሰነፎች ክፍል» የሚባል ዘላለማዊ እስር ቤት ይሆናልና ነቃ ማለት ያስፈልጋል። ደካሞቹን ለደካማ መምህር መስጠትም ያው ጥፋት ነው። ከት/ቤቱ ምርጡ መምህር መሄድ ያለበት መቀነስ ላይ ወደቆሙት ነው።

ማስተማሪያውስ? መጽሐፍ አልታተመም፣ በስልክ በፒዲኤፍ አንብቡ ሲባል የከረመ አገር ሌላ መሣሪያ ቢጠበቅ ቀልድ ይሆናል። ካፋ ግን ጣሳ አለው፣ የቡና ፍሬ አለው። አሥር ፍሬ በስኒ፣ አሥር ስኒ በጣሳ ይሁን፤ ያው አንድ ቤት፣ አሥር ቤት፣ መቶ ቤት ነው። ስኒው ሲያልቅ ጣሳው ይመነዘራል፤ «መበደር» የሚባለው ምሥጢር ይኸው ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ላይቤሪያ ውስጥ የተጠኑት የክፔሌ ገበሬዎች በአንድ ሳህን ሩዝ ውስጥ ስንት ኩባያ እንዳለ በመገመት የተማሩትን አሜሪካውያን በልጠው ነበር። የካፋ ቡና ነጋዴና ገበሬ ከክፔሌ ያንሳል የሚል ሰው ካለ ቦንጋ ገበያ ወርዶ ይሞክር።

እንግዲህ ጥያቄያችን ለባለሥልጣናት ነው። የካፋ ዞን ምክር ቤት በኅዳር 2011 ዓ.ም. ክልል እንሁን ብሎ በሙሉ ድምፅ ሲወስን፣ ሕዝቡም በመስከረም 2014 ዓ.ም. ለሕዝበ ውሳኔ ሲሰለፍ አንዱ ምሬቱ «ሐዋሳ ሩቅ ነው» የሚል ነበር። ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ፤ ቦንጋም የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች። አሁን ቢሮውና ሰሌዳው ያሉት በአንድ ከተማ ነው። በሩቅነት ማመካኘት አይቻልም። የመምህራን ትምህርት ኮሌጁም እዚያው ቦንጋ ነው፤ ዩኒቨርሲቲውም እዚያው ነው። ዕጩ መምህራን ለልምምድ ሲወጡ የጥበቃ ዓይነት ከኋላ ከሚቀመጡ፣ ልጆቹን አንድ በአንድ በካፊኖኖም በአማርኛም የሚጠይቁት እነሱ ቢሆኑስ? በአንድ ሳምንት የአንድ ት/ቤት ልጅ ሁሉ የት እንደቆመ ይታወቃል።

ከቢሮው የሚፈለገው ሕንፃ አይደለም፣ ቪ-ኤይት መኪናም አይደለም። ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ ክፍል በቀን አንድ ክፍለ ጊዜ መምህሩ መጽሐፉን ዘግቶ በደረጃ እንዲያስተምር፣ ሱፐርቫይዘሩም በዚያ ሰዓት «ገጽ ስንት ደረስክ?» ብሎ እንዳይጠይቀው፣ ከለቀማ የተመለሱት ልጆችም ካቆሙበት እንዲቀጥሉ የሚፈቅድ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይበልጥም። የሚፈርምበት ኃላፊ ማን ነው? ከሚቀጥለው ለቀማ በፊት መልሱን በዚሁ ጋዜጣ ለማተም ዝግጁ ነን።