ሳይከተሉን እንይ

ልጆቿን አስተኝታ ጡቷ ላይ ስላገኘችው እብጠት ምክር የምትፈልግ እናት፣ ቤሩት ሆና ስለ ሥራ ውል መብቷ የምታዳምጥ እህት፣ የአንድን ፖለቲከኛ ንግግር ደጋግሞ የሚሰማ ተማሪ፦ ሦስቱም ዩቲዩብን በጎግል አካውንታቸው ሲከፍቱ፣ አትመዝግብ ብለው ካላዘዙት በቀር፣ የፈለጉትና ያዩት ሁሉ በስማቸው ይቀመጣል። ዩቲዩብ በዋናነት የሚኖረው በማስታወቂያ ነው፤ ማስታወቂያውም የሚያነጣጥረው በዚህ መዝገብ ነው። የሕመማችንና የእምነታችን ማኅደር በነጋዴ እጅ መሆኑን እንደ ተራ ነገር መቀበል ይብቃን!

መውጫ አለን። ኒውፓይፕ በጎ ፈቃደኞች እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የሚሠሩት፣ ኮዱን ማንም ከፍቶ የሚመረምረው የአንድሮይድ መተግበሪያ ነው። ዩቲዩብን ያሳያል፤ አካውንት ግን አይጠይቅም። የምትከታተሏቸው ቻናሎችም ሆኑ ያያችሁት ታሪክ የሚቀመጡት በራሳችሁ ስልክ ላይ ነው። ማስታወቂያ አያቋርጣችሁም። ድምፁን ብቻ መርጣችሁ፣ ስክሪኑን አጥፍታችሁ ስብከቱንም ትረካውንም ማዳመጥ ትችላላችሁ፤ የዳታ ጥቅሉን በሜጋባይት ለሚቆጥር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኮምፒውተር ለሚጠቀም ደግሞ ተመሳሳይ የሆነው ፍሪቲዩብ አለለት።

እውነቱን እንነጋገር፦ ኒውፓይፕ ሙሉ በሙሉ አይሰውርም። ቪዲዮው ከዩቲዩብ ሰርቨር ስለሚመጣ የኢንተርኔት አድራሻችሁ ይታያል፤ በአካውንታችሁ ስም ግን አይመዘገብም። ዩቲዩብ አሠራሩን በለወጠ ቁጥርም መተግበሪያው ይሰናከላል፤ ሠሪዎቹ አስተካክለው አዲስ ስሪት እስኪያወጡ መታገሥ ግድ ነው።

በጋራ እንነሣ የምለውም ለዚህ ነው። የትዊተርን (የዛሬውን ኤክስ) ጽሑፎች ያለ አካውንት ያስነብብ የነበረው ኒተር፣ ኤክስ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የእንግዳ መግቢያውን ሲዘጋበት አብዛኞቹ ሰርቨሮቹ ቆሙ። ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚያውቁት በር ሲዘጋ የሚጮህለት አያገኝም። በሀገራችን አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ጥበቃን ሕግ አድርጎታል፤ ሕጉ ሥር እስኪሰድ ግን ስልኩ ያለው በእኛው እጅ ነው።

ስለዚህ ደቦ እንውጣ! ወጣቶች፣ በዚህ ሳምንት የእናታችሁን፣ የአባታችሁን፣ የጎረቤታችሁን ስልክ ተቀበሉና ኒውፓይፕን ጫኑላቸው፤ አጠቃቀሙንም አጠገባቸው ተቀምጣችሁ አሳዩአቸው። ፕሌይ ስቶር ላይ አታገኙትም፤ ከመተግበሪያ መደብሩ ኤፍ-ድሮይድ ወይም ከራሱ ድረ ገጽ አውርዱ። በቴሌግራም ከሚዞር ፋይል ግን በፍጹም አትጫኑ፤ ውስጡ ምን እንደተጨመረበት አይታወቅም። ማኅበራት፣ የተማሪ ክበባት፣ በዓረብ ሀገራት ያላችሁ እህቶች፣ በየግሩፓችሁ አስተምሩ። የምትወዱትን ቻናል አዘጋጅ ደግሞ በቀጥታ ደግፉት፤ ማስታወቂያውን ካላያችሁ ከእናንተ የሚያገኘው ገቢ ይቀርበታልና። አማርኛና እንግሊዝኛ አጣርታችሁ የምታውቁ፣ መተግበሪያው በበጎ ፈቃደኞች የሚተረጎምበት ዌብሌት ላይ ግቡና ያልተተረጎመ መስመር ባገኛችሁ ቁጥር ሙሉት፤ አያቶቻችንም በሚያነቡት ቋንቋ ይክፈቱት።