ወርቅ ላበደረ ጠጠር

«አሶሳ እኮ ወርቅ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት» የምትሉን ሰዎች፣ በቃ ተዉን። እዚያው ነው ያደግኩት። ወርቅ ላይ መቀመጥ ማለት ጎንበስ ብሎ መዋል ነው፦ ገበቴ፣ ጭቃ፣ ወንዝ፣ ማታ ደግሞ በጨርቅ የተቋጠረች ፍንጣሪ።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሶፍትዌር መሥራት እንደጀመርኩ የወርቅ ዋጋ በየቀኑ የሚያሳይ መተግበሪያ ሠርቼ ለአክስቴ አሳየኋት። ዕድሜዋን ሙሉ ወርቅ ስታጥብ የኖረች ሴት ናት። ስልኩን አገላብጣ አየችና «ልጄ፣ ይሄ ካራቱን ያያል?» አለችኝ። አያይም። ዋጋውን ዓለም ያውቀዋል፣ ክብደቱን ሚዛን ያውቀዋል፤ ጥራቱን ግን የሚያውቀው፣ ቢያንስ አውቃለሁ የሚለው፣ ገዢው ብቻ ነው። ከሦስቱ ቁጥሮች አንዱ በሌላ ሰው እጅ ከሆነ ሒሳቡ በሙሉ በእሱ እጅ ነው።

ነገሩ ከአክስቴም ይቀድማል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የግብፁ መሐመድ ዓሊ ፓሻ በ1820 ጦሩን ወደ ሱዳን ሲያዘምት ከፈለጋቸው ነገሮች ዋናዎቹ ባሪያና ወርቅ ነበሩ፤ የወርቁ ወሬም ሠራዊቱን እስከ ፋዞግሊና ቤኒሻንጉል ጎተተው። በ1890ዎቹ መጨረሻ በራስ መኮንን የተመራው የምኒልክ ጦር መጣ፤ የአሶሳው ሼክ ሖጀሌ አል ሐሰንም ወርቅ ገበሩ። ገዢው ተለዋወጠ፣ ወርቁ የሚሄድበትም አቅጣጫ ተለዋወጠ፤ መሄዱ ግን አልተለወጠም።

አሁን አሰብን እናስብ። በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተገነባው የነዳጅ ማጣሪያ በ1967 ሥራ ሲጀምር አሰብ የራሷ የነዳጅ ጉድጓድ አልነበራትም። ድፍድፉ በመርከብ ይመጣል፣ ቤንዚንና ናፍጣ ሆኖ ይወጣል። ከተማዋን ከተማ ያደረጋት ከመሬቷ የወጣ ሀብት ሳይሆን ወደቧና በእጇ የሚሠራው ሥራ ነው። ስዊዘርላንድም እንዲሁ ናት፦ ይህ ነው የሚባል የወርቅ ማዕድን ሳይኖራት ከዓለም ወርቅ ትልቁን ድርሻ የምታነጥረው እሷ ናት።

«አሰብ መጨረሻዋ ምን ሆነ?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ማጣሪያው በ1997 ተዘጋ፤ በዓመቱ ጦርነቱ ሲመጣ የኢትዮጵያ ጭነትም ከወደቡ ቀረ። በአንድ ፋብሪካና በአንድ ደንበኛ ላይ የተንጠለጠለ ከተማ እንዲህ ይወድቃል። ማጣሪያ ያን ያህል ብዙ ሰው እንደማይቀጥርም፣ ያለ በቂ ወርቅ እንደማያዋጣም አውቃለሁ። ስለዚህ ጭስ ማውጫ ትከሉልን አላልኩም።

የምለው ሌላ ነው። ማንኛዋም ወርቅ አጣቢ ከመሸጧ በፊት ገብታ ወርቋን የምታስመረምርበት፣ ውጤቱን በወረቀት ይዛ የምትወጣበት ገለልተኛ ላቦራቶሪ። ኩርሙክ ላይ አላይድ ጎልድ የጀመረው ዓይነት ትልቅ ማዕድን ከጥበቃና ከጉልበት ሥራ አልፎ የአሶሳ ዩኒቨርሲቲን ልጆች ብረታ ብረት ማንጠር ላይ የሚያሠለጥንበት ግዴታ። ወርቅ አንጥረኛ የሚሠራበት፣ ጌጥ የሚሸጥበት ገበያ። አንዱ ቢዘጋ ሌላው እንዲቆም።

ባለፈው ዓመት፣ በ2025፣ ለጎዴ የነዳጅ ማጣሪያ የመሠረት ድንጋይ ሲቀመጥ «ጥሬ ሀብት ማውጣት ብቻ አይበቃም» እያልን ሁላችንም አጨበጨብን። ለነዳጅ ሲሆን የገባን ነገር ለወርቅ ሲሆን ለምን ይጠፋናል?

እኔም ከተወቃሾቹ ነኝ። አሶሳ አሳደገችኝ፣ ሌላ ከተማ አስተምሮ ቀጠረኝ፤ አሁን አዲስ አበባ ተቀምጬ ለውጭ ድርጅት ኮድ እጽፋለሁ። ጥሬ ዕቃ ሆኜ ነው የወጣሁት። አክስቴ ግን ዛሬም ያንኑ ጥያቄ እንደጠየቀችኝ ናት። መልሱ ስልክ ውስጥ አይደለም፤ አሶሳ ውስጥ መሠራት አለበት። እስከዚያው ድረስ የእኛ ነገር ወርቅ ላበደረ ጠጠር ነው።