ወፍጮው ያለ ቤቱ ግማሽ ነው

በምሥራቅ ለንደን፣ ብሮምሊ ባይ ቦው በተባለው ሰፈር፣ ከሊ ወንዝ ዳር «ሃውስ ሚል» የሚባል የውሃ ወፍጮ ቆሟል። ዳንኤል ቢሰን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1776 በሁለት መኖሪያ ቤቶች መካከል አሠራው፤ በ1802 እሳት በላው፤ ከዚያም እንደገና ተሠራ። ውስጡ የእንጨት ማገርና ምሰሶ፣ ውጩ ጡብ ነው። አራት መንኮራኩሮች አሥራ ሁለት ጥንድ የወፍጮ ድንጋዮችን እንዲያዞሩ ተደርጎ ተዋቅሯል። እህሉ ወደ ላይኞቹ ፎቆች ይወጣ ነበር፤ በራሱ ክብደት ወደ ድንጋዮቹ ይወርድና ዱቄት ሆኖ ወደ ምድር ቤቱ ይደርስ ነበር። ጎብኚ የሚደነቀው በዚህ ነው፣ መደነቁም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከሁለቱ ቤቶች አንዱ፣ ከወፍጮው ጋር ግድግዳ የሚጋራው የባለ ወፍጮው ቤት፣ እንደ ተቀጥላ ሲታይ ሕንፃው ራሱ በስህተት ይነበባል። መኖሪያው የወፍጮው የሥራ ክፍል ነበር፤ ስለዚህም ሁለቱ እንደ አንድ ሕንፃ መጠበቅ አለባቸው።

ምክንያቱ ውሃው ነው። በደጋ ወንዞቻችን ላይ ያለው ወፍጮ ውሃው ሁልጊዜ ቁልቁል ስለሚወርድለት፣ ባለቤቱ ጠዋት ቦዩን ከፍቶ ማታ ሊዘጋው ይችላል። ይህኛው ግን ይሠራ የነበረው በባሕር ሙላትና ሽሽት ነው። ባሕሩ ሲሞላ ውሃው በቴምዝ በኩል ወደ ሊ ወንዝ ተገፍቶ ይገባል፤ ከወፍጮው ኋላ ሲጠራቀም በሮቹ ይዘጉበት ነበር። ባሕሩ ሸሽቶ የታችኛው ውሃ ሲጎድል የታገደው ይለቀቅና መንኮራኩሮቹ ይዞሩ ነበር። ሙላቱ በቀን ሁለት ጊዜ ገደማ ይመጣል፤ ሰዓቱ ግን በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ወደፊት ይገፋል። ዛሬ እኩለ ቀን ላይ የተጀመረ ሥራ ከሳምንት በኋላ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ይጀመራል፤ የሌሊቱም ተራ እንዲሁ ወደ ንጋት ይሄዳል። እንዲህ ላለ ሥራ የመኝታና የመፍጨት ሰዓት ተለይተው አይታወቁም። ሙላቱ ሲደርስ ሰው በሩ ላይ መገኘት ነበረበት፤ ካልተገኘ የዚያ ዙር ኃይል ወደ ባሕር ይመለስ ነበር። የሚንቀጠቀጥ፣ የሚጮህ፣ ዱቄቱ በእሳት የሚያስፈራ ሕንፃ አጠገብ ቤተሰብን ማኖር ካለ ብርቱ ምክንያት የሚመረጥ አይደለም። የ1802ቱ ቃጠሎ አደጋው የቱን ያህል እውነተኛ እንደነበር ያሳያል፤ ያም ሆኖ ቤትና ወፍጮ አልተለያዩም።

ባለ ንብረት በየትም አገር ሀብቱን ለመጠበቅ ከጎኑ ይኖራል፣ እዚህ የተለየ ነገር የለም የሚል ይኖራል። እውነትነት አለው፤ ጥበቃም አንዱ ምክንያት ሳይሆን አልቀረም። ይሁንና ለጥበቃ ብቻ አንድ ዘበኛና አንዲት ጎጆ ይበቁ ነበር። እዚህ ያለው ግን ፊቱን ከወፍጮው ጋር ወደ አንድ መንገድ ያዞረ፣ በጡብ የተሠራ የቤተሰብ መኖሪያ ነው። ያሠራው ሰው ሥራውንና ኑሮውን በአንድ መስመር ላይ ሲያቆም የሚያፍርበት ነገር አልነበረውም። ለእኔ የሕንፃው ውበት ከዚህ ይመነጫል።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1940፣ ለንደን በቦምብ ስትደበደብ የባለ ወፍጮው ቤት ተመታ፤ ወፍጮውም ብዙም ሳይቆይ ሥራ አቆመ። በ1970ዎቹ ሕንፃው ራሱ ሊፈርስ ነበር፤ በተከራከሩለት ሰዎች ጥረት ተረፈ። ቤቱ በ1990ዎቹ እንደገና ሲሠራ ከፊት የጥንቱን መልክ ያዘ፤ ከውስጥና ከኋላ ግን ዘመናዊ ሆነ። ታዲያ ይህ ቅርስ ነው ወይስ የቅርስ ጭምብል? ጥያቄው ቀላል አይደለም። የፈረሰን ነገር እንዳልፈረሰ አስመስሎ ማቆም ታሪክን ማታለል ነው፤ በዚህ ከተቃዋሚዎቹ ጋር እስማማለሁ። እዚህ የተደረገው ግን ሌላ ነው። ከመንገድ የሚመለከት ሰው የሕንፃዎቹን ተርታ ሙሉ አድርጎ ያያል፤ ገባ ሲል ወይም ወደ ኋላ ሲዞር አዲሱ ሥራ አዲስ መሆኑን ሳይደብቅ ይነግረዋል። ቦታው ባዶ ቢተው ኖሮ ወፍጮው ብቻውን የቆመ የፋብሪካ ሕንፃ ይመስል ነበር፣ ያ ደግሞ የባሰ ሐሰት ነው።

የገንዘቡም ጉዳይ አለ። ምሥራቅ ለንደን የድሆችና የስደተኞች ሰፈር ሆኖ የኖረ አካባቢ ነው፤ ከዚህ ወፍጮ የወጣው ዱቄትም በብዛት ለዳቦ ሳይሆን ጎኑ ለነበረው የጅን አረቄ ማውጫ ይውል ነበር። ለዚህ ለምን ገንዘብ ይወጣል? ጅኑ በከተማው ድሃ ላይ ያደረሰው ጉዳት መነገር አለበት፤ የሚነገርበት ከዚህ የተሻለ ቦታም አላውቅም። ቤተ መንግሥትና ካቴድራል ብቻ የሚጠብቅ ከተማ ግን የነገሥታቱን ታሪክ ጠብቆ ሌሊት ተነስቶ የውሃ በር የሚከፍተውን ሰው ታሪክ ይጥላል። ምሥራቅ ለንደን ደግሞ ከምንም በላይ የሠራተኞች ሰፈር ሆኖ ኖሯል።

ስለዚህ ገንዘብ ሲገኝ ቅድሚያው ለመንኮራኩሮቹ መሆን አለበት። አሁንም በቦታቸው ናቸው፤ ግን አይፈጩም። አንዱ እንኳ በባሕሩ ሰዓት መዞር ቢጀምር፣ ቤቱ ለምን እዚያ እንደቆመ ለጎብኚው በጽሑፍ ማስረዳት ባላስፈለገ ነበር።