«ይተኛና ይረፍ» ያልንበት ሌሊት

በዛሬው ጽሑፋችን በየደጃፋችን እያለ ብዙም ስለማናስበው አደጋ፣ ማለትም በጭንቅላት ላይ ስለሚደርስ ጉዳት እናወጋችኋለን። ወጉን የምንጀምረው ከራሳችን ሰፈር ነው።

ጎረቤታችን የነበረ አንድ የ19 ዓመት ወጣት ነበር። በሞተር ብስክሌት ዕቃ እያደረሰ እናቱንና ሁለት ታናናሾቹን ያስተዳድር ነበር። አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ መታጠፊያ ላይ ተንሸራቶ ወደቀና ጭንቅላቱ ከመንገዱ ጠርዝ ጋር ተጋጨ። ሄልሜት ነበረው፤ ነገር ግን የነበረው በጭንቅላቱ ላይ ሳይሆን በክንዱ ላይ ነበር። ለጥቂት ደቂቃ ራሱን ስቶ ቆየና ነቃ፤ ልብሱን አራገፈ፤ ውኃ ጠጥቶ በእግሩ ወደ ቤቱ ገባ።

ከመግሪብ በኋላ ልንጠይቀው ስንሄድ እየሳቀ ተቀበለን። «ራሴን ትንሽ ያመኛል እንጂ ደህና ነኝ» አለን። እናቱ ግን ልባቸው አላረፈም ነበርና «ሐኪም ቤት ብንወስደው አይሻልም ወይ?» ሲሉ ጠየቁን። እኛም «ደንግጦ ነው፤ ይተኛና ይረፍ፤ ጧት ይታያል» ብለን መለስንላቸው። ለሱብሒ ቢቀሰቅሱት አልነቃም። ያንኮራፋል እንጂ አይሰማም። ሆስፒታል ስናደርሰው ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀን «ማታውን ለምን አላመጣችሁትም?» ብሎ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጀናዛውን ሸኘን።

በተዕዚያው ላይ ሁሉም «የአላህ ቀደር ነው» አለ። እኛም በቀደር እናምናለን። ይሁን እንጂ ሰበብ ማድረስ የእኛ ድርሻ ነበርና የሐኪሙ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም። ስለዚህም መጠየቅና ማንበብ ጀመርን። ያገኘነውን እነሆ እናካፍላችሁ።

ለመሆኑ ነቅቶ የሳቀና በእግሩ የሄደ ሰው እንዴት በዚያው ሌሊት ለሞት ይደርሳል? የራስ ቅላችን እንደ ተዘጋ ሣጥን ነው፤ ውስጡ ትርፍ ቦታ የለውም። ከዓይን ጎን፣ ከጆሮ ከፍ ብሎ ያለው አጥንት ደግሞ ስስ ሲሆን ከሥሩ የደም ሥር ያልፋል። አጥንቱ ሲሰነጠቅ ይህ የደም ሥር ሊቀደድ ይችላል። በዚህን ጊዜ ደም በራስ ቅሉና አንጎልን በሸፈነው ጠንካራ ሽፋን መካከል ይጠራቀማል። መጀመሪያ ላይ ጥቂት ስለሆነ ሰውየው ነቅቶ ይነጋገራል። ሰዓታት ሲያልፉ ግን የተጠራቀመው ደም አንጎልን እየተጫነ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ሰውየው መፍዘዝ፣ ማንቀላፋት፣ በመጨረሻም ራሱን መሳት ይጀምራል። ሐኪሞች ይህን የመሐል የንቃት ጊዜ ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። የሚያሳዝነው ነገር ደሙ በጊዜ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ብዙዎች የሚድኑ መሆናቸው ነው። እኛ «ተሻለው» ብለን የተደሰትንበት ሰዓት ለካስ እርሱን ማዳን የሚቻልበት ሰዓት ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ የተረዳነው የወጣቱ አወዳደቅ በዓለም ላይ ሁሉ የሚደጋገም መሆኑን ነው። የጭንቅላት ጉዳት እንደ ዘፈቀደ አይደርስም፤ ተቆጥሮ የሚታይ መልክ አለው። ወንዶች ከሴቶች ይበልጥ ይጎዳሉ። ወጣቶችን በአብዛኛው የሚጥላቸው መንገድ ነው፤ ሕፃናትንና አዛውንቶችን ደግሞ መውደቅ ነው። በአገራችን ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶችም የመኪና አደጋን፣ በዱላና በድንጋይ መደባደብን እንዲሁም ከከፍታ መውደቅን በዋና ምክንያትነት ያነሳሉ። መልኩ የታወቀ ጉዳት ደግሞ መከላከያ ሊበጅለት ይችላል።

ይህንን በሚገባ የሚያስረዳ ታሪክ በእንግሊዝ አገር ተፈጽሟል። (ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከዐረቦች ጋር ሆኖ ኦቶማኖችን በመውጋቱ የሚታወቀው «የዐረቢያው ሎሬንስ» ግንቦት 13 ቀን 1935 በሞተር ብስክሌት ሲጓዝ፣ በሳይክል የሚሄዱ ሁለት ልጆችን ላለመግጨት ሲል ከመንገድ ወጥቶ ወደቀ። ሄልሜት አላደረገም ነበር። ከስድስት ቀናት በኋላ ሳይነቃ በ46 ዓመቱ ሞተ። እርሱን ከተመለከቱት ሐኪሞች አንዱ ሂዩ ኬርንስ የተባለው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነበር።

ኬርንስ ተጎጂዎቹን ማከም ብቻ አልበቃውምና መቁጠር ጀመረ። የጥናቱን ውጤት በ1941 ሲያሳትም፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በነበሩት 21 ወራት በአገሩ መንገዶች ላይ 1,884 ሞተረኞችና ያፈናጠጧቸው ሰዎች መሞታቸውን፣ በጦርነቱ የመጀመሪያ 21 ወራት ደግሞ ቁጥሩ 2,279 መድረሱን አሳየ። ከሟቾቹም አብዛኞቹ የተጎዱት ጭንቅላታቸውን ነበር። ሄልሜት አድርገው የተጋጩ ሆነው ያገኛቸው ግን ሰባት ብቻ ሲሆኑ፣ ሰባቱም በሕይወት ተርፈዋል። ሰባት ሰው ትንሽ ቁጥር ነው። ነገር ግን በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር መልእክተኛ ሞተረኞቹ ሁሉ ሄልሜት እንዲያደርጉ አዘዘ። ለሕዝቡ በሙሉ ሕግ የሆነው ግን በ1973 ነው። ኬርንስ ይህን ሳያይ በ1952 ሞቷል።

ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች በ2008 ተሰብስበው ሲመረመሩ፣ ሄልሜት በአደጋ ጊዜ የሞተረኛን የመሞት ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ተረጋግጧል። ሞተር ብስክሌት በእጅጉ በበዛባት በቬትናምም በታኅሣሥ 2007 ሕጉ በሁሉም መንገዶች ላይ ሲጠብቅ፣ በአጭር ጊዜ ውስጥ ከ100 ሞተረኞች ከ90 በላይ የሚሆኑት ሄልሜት ማድረግ ጀምረዋል። የሰው ልማድ አይለወጥም የሚለው አባባል ሁልጊዜ እውነት አይደለም ማለት ነው።

ወዳጆቻችን ሆይ! መቁጠር ሐኪሞችን ራሳቸውንም አርሟል። ጭንቅላታቸውን ለተጎዱ ሰዎች የአንጎል እብጠትን ይቀንሳል ተብሎ ኮርቲኮስቴሮይድ የተባለ መድኃኒት ከ30 ዓመታት በላይ ሲሰጥ ቆይቶ ነበር። ይሰጡ የነበሩትም በቅን ልቦና ነው። በ49 አገሮች የሚገኙ 10,008 ተጎጂዎችን ያሳተፈ ጥናት ውጤት በ2004 ሲወጣ ግን፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ መድኃኒቱን ከወሰዱት ከ100 ሰዎች 21 ያህሉ፣ ካልወሰዱት ደግሞ ከ100 ሰዎች 18 ያህሉ መሞታቸው ታወቀ። መድኃኒቱ ሲጎዳ ኖሯል! ይህን ስናነብ ያ ምሽት ትዝ አለን። እኛም «ይተኛና ይረፍ» ያልነው በቅን ልቦና ነበር። ቅን ልቦና ግን ያለ ዕውቀት ሰው አያድንም።

እንግዲህ በቤታችን ምን እናድርግ? ጭንቅላቱን ተመትቶ ለአፍታም ቢሆን ራሱን የሳተ ሰው፣ ቢነቃም እንኳ በዚያው ሰዓት ሐኪም ሊያየው ይገባል። ራሱን ያልሳተውንም ቢያንስ ለ24 ሰዓታት ብቻውን አንተወው። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ከፈዘዘ ወይም ንግግሩ ከተዘበራረቀ፣ የአንዱ ዓይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ደም ወይም ውኃ መሰል ፈሳሽ ከወጣ፣ እጅ ወይም እግሩ ከዛለ ወይም ካንቀጠቀጠው፣ ንጋትን ሳንጠብቅ ወደ ሆስፒታል እንውሰደው። አስፕሪን አንስጠው፤ መድማትን ሊያብስ ይችላልና። ክፉኛ የወደቀን ሰው ደግሞ አንገቱም ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ጎትተን አናንሳው፤ ራሱንና አንገቱን ደግፈን እንያዝለት። እንቅልፍ በራሱ አይገድልም፤ የሚገድለው እንቅልፍ መስሎን የምናልፈው ራስን መሳት ነው። ስለዚህ የተኛውን በየጊዜው ቀስቅሰን ስሙንና ያለበትን ቦታ እንጠይቀው፤ በአግባቡ ካልመለሰ ጊዜ አናጥፋ።

እናንተ ሞተር የምታሽከረክሩ ወንድሞቻችን! ሄልሜት በክንድ ላይ ተንጠልጥሎ አያድንም። ማሰሪያው ከአገጭ በታች ካልታሰረም በመጀመሪያው ግጭት ይወልቃል። አንድ ጊዜ በኃይል የተመታ ሄልሜት ስንጥቁ ባይታይም ኃይሉን ጨርሷልና መለወጥ አለበት። ያፈናጠጣችሁት ሰው ጭንቅላትም እንደ እናንተው ጭንቅላት ነው። ወላጆችም ለልጃችሁ ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት የሄልሜቱን ዋጋ አብራችሁ ቁጠሩ።

የዚያ ወጣት እናት ዛሬም ጎረቤታችን ናቸው። አንድም ቀን ወቅሰውን አያውቁም። ባለፈው ዒድ ቤታቸው ሄደን ሳለ ታናሽየው ልጃቸው ከዛፍ ወድቆ ግንባሩ አብጦ መጣ። ከመካከላችን አንዱ እንደ ልማዱ «ምንም አይደል» ሊል አፉን ከፈተ። እሳቸው ግን ነጠላቸውን አንስተው ቆመው ነበር፤ «ተነሱ፣ እንሂድ» አሉን። ማንም አልተከራከረም። ልጁ ታይቶ፣ ደህና መሆኑ ተነግሮን ተመለስን፤ አልሐምዱ ሊላህ። በመንገድ ላይ «በከንቱ ደከማችሁ» ያለንን ሰው ቀና ብለው አዩትና «እንዲህ ያለው ድካም ሁልጊዜ በከንቱ ይሁንልኝ» አሉት።

እኛም ለእናንተ የምንመኘው ይህንኑ ነው።