ዲስኩ ሲመሰክር መስቀለኛ ጥያቄ ማን ይጠይቀው?

ድሮ ለብርበራ የመጣ ፖሊስ ጭኖ የሚሄደው ወረቀት ነበር። በወረቀት ደግሞ መከራከር ይቻላል። ተከሳሹ «ፊርማው የእኔ አይደለም፣ ማኅተሙም ሐሰት ነው» ይላል፤ ይመረመራል። ዛሬ የሚጫነው ላፕቶፕና ሞባይል ነው። «ከተከሳሹ ኮምፒውተር የተገኘ» የሚል ጽሑፍ ታትሞ ችሎት ይቀርባል። ለመሆኑ ጽሑፉ መቼ ተጻፈ? በማን እጅ? ላፕቶፑ ከተያዘ በኋላስ ማን ነካካው? ይህን የሚጠይቅ ከጠፋ ማሽኑ መስቀለኛ ጥያቄ የማይቀርብለት ብቸኛ ምስክር ሆነ ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ምስክር ምን እንደሚያደርግ ቱርኮች አይተውታል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2010 «ታራፍ» የተባለ ጋዜጣ በሻንጣ የታጨቀ ሰነድና ሲዲ ደረሰው። የጦር መኮንኖች በ2003 መፈንቅለ መንግሥት ጠንስሰው ነበር፣ የሴራውም ስም «ባልዮዝ» ነው ተባለ፤ መዶሻ እንደማለት ነው። (ወሬው ቀድሞ የወጣው በጋዜጣ መሆኑ እኛን የሙያ ጓደኞቻቸውን አያኮራንም።) በሴፕቴምበር 2012 ከ300 በላይ ሰዎች ተፈረደባቸው፤ 20 ዓመት የተበየነባቸውም ነበሩ።

ዋናው ማስረጃ ሲዲ ቁጥር 11 ነበር። በውስጡ ያሉት ፋይሎች «ለመጨረሻ ጊዜ የተቀመጥነው በ2003 ነው» ይላሉ። የተከሳሾቹ ቤተሰቦችና ባለሙያዎች ግን ከላይ የተጻፈውን ቀን ትተው የፋይሎቹን ሆድ ዕቃ ፈተሹ። ካሊብሪ የሚባለው የፊደል ዓይነትና ሌሎችም የኦፊስ 2007 ምልክቶች ተገኙ። ካሊብሪ ለሕዝብ የቀረበው ከዚያው ከኦፊስ 2007 ጋር ነው! መኮንኖቹ ሴራ ብቻ ሳይሆን ትንቢትም ያውቁ ኖሯል።

ተንኮሉ ቀላል ነው። ፋይል የሚይዘው ቀን የኮምፒውተሩ ሰዓት የነገረውን ነው። ሰዓቱን ወደ 2003 የመለሰ ሰው የዛሬን ጽሑፍ የ2003 ያደርገዋል።

ይሁንና ዲስክ እንደሚዋሽ ሁሉ ውሸቱን ራሱ ያጋልጣል። ፋይል ሲሰረዝ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው ከማውጫው ላይ ያለው ስም እንጂ ጽሑፉ አይደለም፤ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ተኝቶ ይቆያል። ዊንዶውስ የአንድን ፋይል ቀን በሁለት ቦታ ይመዘግባል፤ አንደኛውን መለወጥ ቀላል ነው፣ ሁለተኛውን ግን አጭበርባሪው ብዙ ጊዜ ይረሳዋል። የትኛው ፍላሽ መቼ እንደተሰካ እንኳ የሚጻፍበት ቦታ አለ። ታዲያ ይህ ሁሉ የሚገኘው የሚያውቅ ሰው ሲጠይቅ፣ ዲስኩም ሳይነካካ ሲቆይ ነው። የተያዘውን ኮምፒውተር «እስቲ ውስጡን እንየው» ብሎ መክፈት ብቻውን ብዙ ፋይሎችንና ቀኖችን ይለውጣል። ወጉስ? ዲስኩ ላይ መጻፍ በሚከለክል መሣሪያ በኩል ሙሉ ቅጂ ይወሰድና «ሃሽ» የሚባለው ቁጥር ይሰላል። ይህ የዲስኩ የጣት አሻራ ነው፤ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ቁጥሩ ሌላ ይሆናል።

የቱርክ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በጁን 2014 የተከሳሾቹ መብት መጣሱን ወሰነ። ካደረሱት ምክንያቶች አንዱ የሥር ፍርድ ቤቶች በዲጂታል ማስረጃው ላይ የቀረበውን ተቃውሞ በወጉ አለማየታቸው ነው። በማርች 2015 ድጋሚ ችሎት 236 ተከሳሾች ነፃ ወጡ። የታሰሩበትን ዓመታት ማን ይመልስላቸው?

ወደ ቤታችን እንመለስ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 የኤሌክትሮኒክ ማስረጃ ያቀረበ ወገን እውነተኛነቱን የማስረዳት ሸክም አለበት ይላል። መልካም ነው። ግን መርማሪ ሲጠይቅ መረጃውን የሚተነትነው ማን ነው? የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ፣ በዛሬ ስሙ አስተዳደር! ከሳሽም መንግሥት፣ ተንታኝም መንግሥት። የተከሳሹ ባለሙያስ የታለ?

ባለሙያ እንዳይበቅል ደግሞ እኛው አስፈራርተናል። በሚያዝያ 2006 የታሰሩት የዞን ዘጠኝ ጦማርያን የኮምፒውተር ደኅንነት ሥልጠና መውሰዳቸው በሽብር ክሳቸው ውስጥ ተጽፎ ነበር። ከፊሎቹ ክሱ ተቋርጦ በሐምሌ 2007 ተፈቱ፤ የቀሩት በጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነፃ ተባሉ። ሆኖም ያን ክስ ያነበበ ወጣት «እኔ የፋይል ምርመራ ልማር» ሲል እናቱ ምን የምትለው ይመስላችኋል? «አርፈህ ተቀመጥ!»

ስለዚህ በግልጽ እንጠይቃለን። ዲስክ ሲያዝ የሃሽ ቁጥሩ በዚያው ቀን፣ ተከሳሹ ወይም ታዛቢዎች ባሉበት ተሰልቶ በብርበራው ሰነድ ላይ ይስፈር። ሙሉ ቅጂው ለጠበቃው ይሰጥ። የሕግ ትምህርት ቤቶችም ለነገዎቹ ዳኞችና ጠበቆች ፋይል እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ቀኑም እንዴት እንደሚዋሽ ያስተምሩ። ገንዘብ የለም እንዳይባል፣ ሃሽ የሚያሰላ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፤ ቅጹ ላይ የሚጨመረውም አንድ መስመር ብቻ ነው።